ድርቅ ወደ ከተማ የሚያፈልሰው ጉልበትና የንግድ ሥራ መሻሻል በከሚሴ አካባቢ

ዝናብ በቀረ ዓመት ከቆላማው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ቀበሌዎች የሚነሣው ገበሬ ብዙውን ጊዜ ሥራ ፍለጋ ወደ ከሚሴ ይመጣል፡፡ ከተማዋ የዞኑ ርዕሰ ከተማ ከመሆኗም በላይ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስለምትገኝ፣ ሥራ ያላገኘው ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለመሻገር ይቀለዋል፡፡ ስለዚህ ፍልሰት ሲነገር የሚታሰበው በአብዛኛው ራሽንና መጠለያ ነው፡፡ የመጣው ሰው የከተማውን የንግድ አሠራር እንዴት እንደሚለውጥ ግን እምብዛም አይመረመርም፡፡

ለምሳሌ አንድ የእህል ነጋዴ ይወሰድ፡፡ በደኅናው ዓመት የጫኝና አውራጅ ዋጋ ሲወደድበት ጋሪ ወይም የእህል ማበጠሪያ መሣሪያ ለመግዛት ያስባል፡፡ በድርቁ ዓመት ግን በትንሽ ገንዘብ የሚሸከምና የሚያበጥር ሰው ከመጋዘኑ በር ስለሚሰለፍ፣ የመሣሪያው ጥቅም አይታየውም፡፡ ሥራው ይሰፋል፤ አሠራሩ ባለበት ይቆማል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2006 ስለ ቻይና ፋብሪካዎች የተሰበሰበ መረጃ ተጠንቶ የታየውም ይኸው ነው፤ ከገጠር ሠራተኛ ሲበዛ የጉልበት ዋጋ ወርዷል፣ የተቀጣሪው ቁጥር ጨምሯል፣ አንድ ሠራተኛ የሚያመርተው ግን በእጅጉ ቀንሷል፡፡

ከዚህ ተነሥቶ መጤውን ማገድ ይገባል ማለት ስሕተት ነው፡፡ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲዛወር፣ ሰውን በትእዛዝ ማንቀሳቀስ ኑሮ እንደማይሆንለት ታይቷል፡፡

መጤው የሚያመጣው ጉልበት ብቻ አይደለም፡፡ ገበሬው የማሽላውን ዓይነት በእጁ ዳብሶ ይለያል፤ የከብት ዋጋ ያውቃል፤ ሰኞ በሚቆመው የባቲ ገበያ ከአፋር አርብቶ አደር ጋር ተገበያይቷል፡፡ ይህ ዕውቀት ለከተማው ነጋዴ አዲስ ዕቃና አዲስ ደንበኛ ሊያስገኝ ሲችል በሸክም ሥራ ባክኖ ይቀራል፡፡ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል ከወሎና ከዚሁ ዞን የሄዱ ብዙዎች ነበሩ፡፡ ግንበኝነት ወይም ቀለም ቅብ ለምዶ የተመለሰ ሰው የመሥሪያ ቦታና መነሻ ገንዘብ ካጣ፣ ዳግመኛ በጅቡቲ በኩል ወደ የመን መንገድ ይገባል፡፡

በእርዳታ ምዝገባ ወቅት የቤተሰቡ ብዛትና ዕድሜ በጥንቃቄ ይሞላል፤ ሙያ የሚለው ዓምድ ግን ብዙ ጊዜ «ገበሬ» ተብሎ ይታለፋል፡፡ ዕቁብ ለመግባት ዋስ ያስፈልጋል፤ ትላንት የመጣ ሰው ዋስ ከየት ያገኛል? ምዝገባው የሰውየውን ሙያና ቀድሞ የሠራበትን ቦታ ቢይዝ፣ አበዳሪው ወይም የዕቁቡ ዳኛ ሊያየው የሚችል አንድ ወረቀት በእጁ ይኖረዋል፡፡