ነጩ ፈሳሽ ከመሰቀሉ በፊት

የኔ ልጅ፣ ልጅ ለማግኘት ያደረግሽው ሦስተኛው ሙከራም ሳይሳካ ሲቀር ለንደን ያለው ክሊኒክሽ "ኢንትራሊፒድ እንስጥሽ" እንዳለሽ ነገርሽኝ። አክስትሽ ዕድሜዋን በነርስነት ያሳለፈች ናትና ስሚኝ።

1. የሚሰቀልልሽን እወቂው። ያ ወተት የመሰለ ፈሳሽ የአኩሪ አተር ዘይት፣ ከእንቁላል አስኳል የሚወጣ ቅባት፣ ግሊሰሪንና ውሃ ነው። ስዊድናዊው አርቪድ ቭሬትሊንድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው በአፋቸው መመገብ ለማይችሉ ሕሙማን ነው። እኔም ስንቱን ሰቅዬዋለሁ፤ ጠብ ጠብ እያለ ለሰዓታት ሲወርድ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ነፍስ ያቆያል። ፈቃድ ያገኘው ግን ለምግብነት እንጂ ለእርግዝና አይደለም።

2. "ገዳይ ሴል" የሚለው ስም አያስደንግጥሽ። ኤንኬ የሚባሉት እነዚህ የሰውነት መከላከያ ሴሎችሽ በዝተዋል ያሉሽ ከክንድሽ በተቀዳ ደም ነው፤ የክንድ ደም ደግሞ ማህፀን ውስጥ ያለውን አይናገርም። የማህፀን ኤንኬ ሴሎች ጠባያቸው ሌላ ነው። የእናቲቱን የደም ሥሮች እያሰፉ የእንግዴ ልጁ በቂ ደም እንዲያገኝ የሚያግዙ ናቸው። ባለፈው ሌሊት ደውለሽ "የገዛ ሰውነቴ ልጄን ገደለብኝ" ስትዪኝ አንጀቴ ተላወሰ። ማንም ይህን በማስረጃ አላሳየሽም፤ በራስሽ ላይ አትፍረጂ።

3. ዘይቱ ለእርግዝና ይረዳል የሚለው ሐሳብ ከባዶ አልመጣም። ዘይቱ በላቦራቶሪ የኤንኬ ሴሎችን ኃይል ሲያለዝብ ታይቷል። ግብፅ ውስጥ 296 ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናትም አለ። ዋነኛ መለኪያው፣ ማለትም እርግዝና መያዙ፣ የጎላ ልዩነት አላሳየም፤ ልጅ ታቅፈው የወጡት ግን ዘይቱን ከወሰዱት 37.5 በመቶ፣ ካልወሰዱት 22.4 በመቶ ነበሩ። ተስፋ የሚሰጥ ቁጥር ነው፤ ግን በአንድ ጥናት መድኃኒት አይታዘዝም። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር፣ ኢሽሬ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ አይመከርም ብሏል።

4. እንቁላል፣ አኩሪ አተር ወይም ኦቾሎኒ የማይስማማሽ ከሆነ፣ ሳትናገሪ ክንድሽን እንዳትዘረጊ።

5. ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠይቂው፦ "ያለ ዘይቱ ልጅ የማግኘት ዕድሌ ስንት ነው? ከዘይቱ ጋርስ? በምን ማስረጃ?" መልሱን ጽፎ ይስጥሽ። ካቅማማ ገንዘቡን ለሚቀጥለው ሙከራ አቆዪው። ቀጠሮሽ ሐሙስ ነው ብለሽኛል፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጊልኝና አብሬሽ ልግባ።