የመጀመሪያው የሥጋ መጥበሻ ምርጫ፦ ስለ ከሰል፣ ስለ አየርና ስለ ክዳን

ለበዓል ቅርጫ የገባ ሰው መደቡን ሲረከብ ሽንጡም፣ ፍሪምባውም፣ ጎድኑም፣ ሻኛውም ከየዓይነቱ ይደርሰዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛም ጓደኛሞች ተሰባስበን ቅርጫ ገባንና «ዘንድሮስ ሥጋውን በደጅ በፍም እንጠብሳለን» በማለት ገንዘብ አዋጥተን የከሰል መጥበሻ ገዛን። የመረጥነው በሱቁ ከነበሩት ሁሉ ትልቁንና የሚያብረቀርቀውን ነበር። እግሩ ረጅም፣ ፍርግርጉ ሰፊ ነው፤ ክዳን ግን አልነበረውም። ሽንጡ መልካም ሆነ። ፍሪምባው ግን ውጪው ከሰል መስሎ ውስጡ እንደ ጠፍር አልታኘክ አለ። ማምሻውን ዝናብ ሲመጣ መጥበሻውን ከነፍሙ ወደ ክፍል አስገባነው። ብዙም ሳይቆይ ሁላችንንም ራስ ምታት ያዘን፤ አንዱ ጓደኛችን ውኃ ሊጠጣ ሲነሣ ጉልበቱ ከድቶት ወደቀ። በሩን በርግደን እርሱን ተሸክመን ወጣን፤ ደግነቱ ሁላችንም ተረፍን።

ያን ዕለት የገጠሙን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ያልለሰለሰው ፍሪምባና የራስ ምታቱ፣ የማይገናኙ ይመስሉ ነበር። ቆይተን ስናስበው ግን የሁለቱም ምንጭ አንድ ሆኖ አገኘነው፤ እርሱም ከሰሉ የሚያገኘው የአየር መጠን ነው። መጥበሻ የሚገዛ ሰው ብረት የሚገዛ ይመስለዋል እንጂ በእርግጥ የሚገዛው አየርን የሚመጥን መሣሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥበሻ ወይም የጢስ ማብሰያ ለመግዛት ያሰበ ሰው ምን መመልከት እንዳለበት ከዚሁ አንጻር እናያለን።

ከሰል የሚበላው አየር

ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። አንድ የካርቦን አቶም ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ በዚህም 12 ግራም ካርቦን 394 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። ኦክስጅኑ ሲያንስ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል፤ የሚገኘውም ሙቀት 111 ኪሎ ጁል ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ አየር ያጠረው ከሰል ሁለት ጉዳት ያመጣል፤ ሙቀቱን ከሢሶ በታች ያወርደዋል፤ መርዝም ይተነፍሳል።

አሁን ጥቂት ስሌት እንሥራ። አንድ ኪሎ ግራም ካርቦን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 2.67 ኪሎ ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። አየር በክብደት 23 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ስለሆነ የሚያስፈልገው አየር 11.5 ኪሎ ግራም ይሆናል። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ወደ 9.6 ሜትር ኩብ ይጠጋል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያንኑ ኪሎ ከሰል ለማቃጠል ወደ 13 ሜትር ኩብ አየር ያስፈልገናል። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነች፣ ጣሪያዋ 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል የምትይዘው አየር 22.5 ሜትር ኩብ ነው። ተማሪ የሚከራያት ክፍል ብዙውን ጊዜ ከዚህች አትበልጥም። በሩና መስኮቱ ከተዘጋ አንድ ኪሎ ከሰል በውስጧ ካለው ኦክስጅን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ለመውሰድ በቂ ነው ማለት ነው። ከሰሉ እዚያ ከመድረሱ በፊት ግን ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሥራውን ይጨርሳል።

ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ የሚይዘው ይህንኑ ጋዝ ነው። በመሆኑም ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ብዙ ሰው ከሰሉ ተቀጣጥሎ ጢሱ ካለቀና ፍሙ ነጣ ካለ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ይህ እምነት ሕይወት አስከፍሏል። የሚታየው ጢስ ገና ካልነደደው ክፍል የሚወጣ ቅንጣትና ትነት ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ጥርት ካለው ቀይ ፍምም ይወጣል። እንዲያውም በወፍራም ፍም ክምር ውስጥ ከታች የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ላይ ሲያልፍ ከጋለው ካርቦን ጋር ተገናኝቶ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው የምርጫ ጥያቄ ስለ መጥበሻው ሳይሆን ስለ ቦታው ነው፤ ለዝናብም ጭምር የሚሆን፣ ከላይ ብቻ የተከለለ የደጅ ቦታ አለን? ከሌለን የከሰል መጥበሻ አንግዛ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከታየ ሰውየውን ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ኦክስጅን ወደሚገኝበት ሕክምና ማድረስ ይገባል።

ክዳን ለምን ያስፈልጋል?

ክዳን በሌለው መጥበሻ ሥጋውን በዋናነት የሚያበስለው ከፍሙ የሚወጣው ጨረር ነው። 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ፍም፣ ስፋቱ አሥር ሴንቲ ሜትር በአሥር ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ግማሽ ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ይረጫል። ጨረር ደግሞ ከፍጹማዊ ሙቀት መጠን አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ ፍሙ ጥቂት ሲግል ጨረሩ እጅግ ይጨምራል። ለሽንጥ ይህ መልካም ነው፤ ላዩ በደቂቃዎች ውስጥ ቡናማ ሆኖ መዓዛ ያወጣል፤ ውስጡ ጭማቂውን ሳይለቅ ይቀራል።

የፍሪምባ ነገር ሌላ ነው። ፍሪምባ በሬው ሲንቀሳቀስ ብዙ የሚሠራ ጡንቻ ስለሆነ ኮላጅን የተባለው ጠንካራ ማያያዣ ፕሮቲን በብዛት አለው። ኮላጅን ወደ ለስላሳው ጄላቲን የሚለወጠው ከ65 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ቀስ እያለ ሲሆን ለዚህም ብዙ ሰዓት ይጠይቃል። ኃይለኛ ጨረር ሰዓት አይሰጠንም፤ ውስጡ ሳይለሰልስ ላዩን ያከስለዋል። የሚያስፈልገው በሥጋው ዙሪያ ሁሉ የሚዘዋወር፣ ከ105 እስከ 120 ዲግሪ የሆነ ሙቅ አየር ነው። ይህንን የሚያቆየው ክዳን ነው፤ መጠኑን የሚወስኑት ደግሞ ከታች የአየር መግቢያው፣ ከላይ መውጫው ቀዳዳ ናቸው። አንድ ኪሎ ዋት ሙቀት ለማግኘት በሰዓት 120 ግራም ያህል ከሰልና፣ በአዲስ አበባ ከፍታ፣ 1.5 ሜትር ኩብ ያህል አየር በቂ ነው። ቀዳዳውን በጣት ስፋት ማጥበብ ወይም ማስፋት ይህን መጠን ይለውጠዋል። ክዳን በሌለው መጥበሻ ግን ከሰሉ የፈለገውን ያህል አየር ስለሚያገኝ ልጓም የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1952 ጆርጅ ስቲቨን የተባለ አሜሪካዊ በቺካጎ አካባቢ በዌበር ወንድማማቾች የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው በሐይቅ ላይ ለመርከቦች ምልክት ሆኖ የሚንሳፈፈውን የብረት ሉል ይሠራል። ስቲቨን በክፍት መጥበሻ ላይ ነፋስና አመድ ሲያስቸግሩት ከሉሉ ግማሹን ለጎድጓዳ መጥበሻ፣ የቀረውን ለክዳን አደረገው፤ ቀዳዳም በሳበት። ዛሬ በየአገሩ የሚታየው ክብ መጥበሻ ከዚህ የመጣ ነው። ለጀማሪ የምንመክረውም ይህንኑ ዓይነት ነው። ስፋቱ 57 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ፍሙን ወደ አንድ ጎን ብቻ ሰብስቦ ሥጋውን በሌላው ጎን ማኖር ይቻላል። ሽንጡ በፍሙ ላይ፣ ፍሪምባው ከፍሙ ርቆ በተከደነው አየር ውስጥ ይበስላል። ቦታው መከፈሉ ሌላም ጥቅም አለው። የቀለጠ ስብ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሣው ጢስ ቤንዞፓይሪን የተባለውን ውሁድ ይይዛል፤ ይህም በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት መካከል የተመደበ ነው። ነበልባል ሲነሣ ሥጋውን የምናሸሽበት ጎን ከሌለ ይህንኑ እየቀባን እንበላለን።

ሌሎቹን ዓይነቶች ባጭሩ እንለፋቸው። በጋዝ የሚሠራው ምቹ ነው፤ ጢስ ግን አይሰጥም። በተጠቀጠቀ የእንጨት ፍሬ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለሚነዳ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል። የእሳት ሣጥኑ ከጎን የተቀጠለበት ትልቁ የጢስ ማብሰያ ግርማው ያማልላል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ እንጨት የሚጨምርለት ሰው ይፈልጋል። ለሁለተኛ መጥበሻነት ይቆይ።

በርሜል ስለ ማስቆረጥ

በአገራችን አብዛኛው ጀማሪ ከውጭ የገባ መጥበሻ አይገዛም፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም በሠፈሩ ብየዳ ቤት በርሜል አስቆርጦ ያሠራል። ይህ ሐሳብ ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም፤ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በቁመቱ ሲከፈል አንዱ ግማሽ መጥበሻ፣ አንዱ ክዳን ይሆናል። ሆኖም ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደያዘ ሻጩ በእርግጠኝነት መናገር ካልቻለ መተው ነው፤ ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት በምንም ዓይነት እጥበት ለምግብ አይሆንም። ነዳጅ የነበረበት ደግሞ ሲቆረጥ በውስጡ የቀረው ትነት ሊፈነዳ ስለሚችል ለበያጁም ሕይወት ያሰጋል። ምግብ ነክ ዘይት የነበረበት ይመረጣል። የውጭውም የውስጡም ቀለም በኃይለኛ እሳት ተቃጥሎ በብረት ብሩሽ መፋቅ አለበት። ፍሙ የሚያርፍበትን ወንፊትና ፍርግርጉን ዚንክ ከተለበጠ ብረት አታሠሩ። ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ፍም ደግሞ ከዚያ በእጅጉ የጋለ ነው፤ የዚንክ ጢስ የሚያስከትለውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት በያጆች ያውቁታል።

ስለ ብረቱ ውፍረት አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። «ወፍራም ብረት ሙቀት አያስወጣም» ይባላል። ብረት ሙቀትን በቀላሉ የሚያስተላልፍ ስለሆነ አንድ ሚሊ ሜትር ተጨምሮለት መከላከያ አይሆንም። የውፍረት ጥቅሙ ሙቀትን ማጠራቀሙና በእሳት አለመጣመሙ ነው። የክብደቱን ዋጋም አትፍሩ፤ አሥር ኪሎ ግራም ብረትን በ100 ዲግሪ ለማሞቅ 500 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃል፤ ይህም ከአንድ እፍኝ ከሰል ያነሰ ነው። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ከውፍረቱ ይልቅ ክዳኑ ገጥሞ እንዲዘጋ፣ ቀዳዳዎቹም የሚንሸራተት መዝጊያ እንዲኖራቸው ቢውል ይሻላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከመክፈላችን በፊት እርጥብ ወረቀት ውስጡ ለኩሰን፣ ከድነን፣ ቀዳዳዎቹን እንዝጋ፤ ጢሱ በየት በኩል እንደሚሾልክ እናያለን። በሚገባ የሚዘጋ መጥበሻ ሲጨርሱ ፍሙን አንቆ ያጠፋዋል፤ የተረፈው ከሰልም ለሌላ ቀን ይሆናል። ሲታነቅ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚወጣበት ሰዓት ነውና እስኪበርድ ድረስ ከደጅ አይነሣ።

ለጢሱ ጥቂት የደረቀ ወይራ ከፍሙ ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል። የወይራ እጣን ምን ጣዕም እንደሚሰጥ የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ ከሚያጥኑት እናቶቻችን የተሻለ የሚያስረዳን የለም። ሙጫና ዘይት ያለባቸው ዛፎች፣ ጽድና ባሕር ዛፍ ጭምር፣ ሥጋውን ያመርሩታል፤ ቀለም የተቀባ ጣውላማ አይነሣም። ጢሱ ወፍራምና ነጭ ከሆነ እንጨቱ አየር አንሶታል፤ ስስና ሰማያዊ ሲሆን ነው ሥጋ የሚገባው።

ከመጥበሻው ቀጥሎ የምንገዛው ቴርሞሜትር ነው። የከብት ሥጋ ሙዳ ውስጡ 63 ዲግሪ ደርሶ ሦስት ደቂቃ ከቆየ፣ የተፈጨ ከሆነ ደግሞ 71 ዲግሪ ከደረሰ፣ ከኮሶ ትል እጭም ሆነ ከሌሎች ጎጂ ተሕዋስያን ያድነናል። ፍሪምባን ስናጨስ ሁለት ነገር ያስደነግጠናል። የመጀመሪያው ቴርሞሜትሩ ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ባለው መካከል ለሰዓታት ቆሞ መቅረቱ ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ከሥጋው ላይ የሚተነው ውኃ የሚገባውን ሙቀት ይወስደዋል፤ በእንስራ ያለ ውኃ በቀትር የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛው የአሜሪካ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ፍሪምባው 95 ዲግሪ ሲደርስ ይውጣ ማለታቸው ነው። ቁጥሩ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ይሠራል። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ውስጡ እርጥበት እስካለው ድረስ ሥጋው ከዚያ አያልፍም። 95ን የሚጠብቅ ሰው ፍሪምባውን ቋንጣ አድርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ 88 ወይም 90 ሲደርስ ሹካ እየወጋን ያለ ትግል መግባቱን እንመርምር።

የዚያን ጊዜውን አብረቅራቂ መጥበሻ አልጣልነውም። በያጅ ዘንድ ወስደን ከግማሽ በርሜል ክዳን አሠራንለት፤ ከታች ሁለት፣ ከላይ አንድ መዝጊያ ያለው ቀዳዳም አስበሳንለት። በተከታዩ ፋሲካ ፍሪምባውን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አስገብተን ከቀኑ 9 ሰዓት አወጣነው። ያን ቀንም ዝናብ ነበር፤ መጥበሻው ከደጅ በቆርቆሮ ጥላ ሥር እንዳለ፣ እኛ በየተራ ጃንጥላ ይዘን ቀዳዳውን ስናጠብና ስናሰፋ ዋልን።