ቤታችንን ሳናፈርስ ኃይል መቆጠብ

ናይሮቢ በሚኖር የኢትዮጵያውያን ቤት የመብራት ቶከን ወሩ ሳይጋመስ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚታማው የእንጀራ ምጣዱ ነው። ከሐሜት በፊት ግን ስሌት ይቅደም። የዚህ ትምህርት ዓላማ ኃይላችን በየት በኩል እንደሚባክን ማወቅና የምንኖርበትን ቤት ሳናፈርስ ማሻሻል ነው።

1. ማሻሻል ምን ማለት ነው?

ጥሩው ምሳሌ እዚሁ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ቀድሞ የከሰል ምድጃው፣ ማለትም ጂኮው፣ ከቆርቆሮ ብቻ ስለሚሠራ ሙቀቱ በጎኑ ያመልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከታይላንድ ምድጃ በተወሰደ ሐሳብ ከቆርቆሮው ውስጥ ሸክላ ተጨመረበት። ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ ያው ወጥ ባነሰ ከሰል ይበስላል። ሐሳቡ ወደ አገራችንም ተሻግሮ «ላቀች» ምድጃን አስገኝቷል። ቤትን ማሻሻልም እንዲሁ ነው፦ ያለውን ሳይጥሉ፣ ኃይል የሚያመልጥበትን ቦታ ፈልጎ መድፈን።

2. ኃይላችን የት ይሄዳል?

ቀመሩ ቀላል ነው፦ ኪሎዋት × ሰዓት = ዩኒት። አራት ሰዎች ያሉበትን ቤት ለምሳሌ እንውሰድ።

• ምጣድ፦ 3.5 ኪሎዋት × 1.5 ሰዓት = 5.25 ዩኒት። በወር 8 ጊዜ ቢጋገር 42 ዩኒት።
• አምፖል፦ አምስት ባለ60 ዋት የድሮ አምፖሎች በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ፣ በወር 45 ዩኒት።
• ሻወር፦ ውሃውን እዚያው የሚያሞቀው ሻወር 6 ኪሎዋት ቢሆንና እያንዳንዱ ሰው በቀን 10 ደቂቃ ቢታጠብ፣ በቀን 4፣ በወር 120 ዩኒት።

እንግዲህ ምጣዱ የታማው ያለ ጥፋቱ ነው። ዋናው በላተኛ ሻወሩ ነው።

3. ምን እናድርግ?

ሀ. ያለ ወጪ፦ የመታጠቢያውን ጊዜ ወደ 6 ደቂቃ ብናወርድ የሻወሩ ፍጆታ 72 ዩኒት ይሆናል። የሚተርፈው 48 ዩኒት ከምጣዱ የወር ፍጆታ ይበልጣል። ምጣዱም ቢሆን በተጣደ ቁጥር እስኪግል ድረስ ኃይል ይወስዳል፤ ስለዚህ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገር ይሻላል። ለመጨረሻው እንጀራ የጋለው ሙቀት ስለሚበቃ ቀደም ብሎ ማጥፋት ይቻላል።

ለ. በትንሽ ወጪ፦ አምስቱ አምፖሎች በባለ9 ዋት ኤልኢዲ ቢተኩ 45ቱ ዩኒት ከ7 በታች ይወርዳል። የላላውን የፍሪጅ በር ጎማ መቀየርም አይዘንጋ።

ሐ. ከአከራይ ጋር በመነጋገር፦ ናይሮቢ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ በሚገባ ይሠራል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኮርኒስ ማስገባትም የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ይቀንሳል። እነዚህ የቤቱ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። የኤሌክትሪክ መስመር መንካት ደግሞ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው።

4. ጥንቃቄ

ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በሐምሌ ትበርዳለች። በዚያን ጊዜ የበርና የመስኮት ክፍተቶችን መድፈን ጥሩ ነው። ነገር ግን ከሰል ወይም ጋዝ በሚነድበት ክፍል ያለውን የአየር መውጫ መድፈን ሕይወት ያጠፋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ስለዚህ ላቀችም ይሁን ጂኮ፣ የሚነድ ከሰል ለሙቀት ብሎ መኝታ ቤት ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ለብርዱ ብርድ ልብስ መደረብ ይሻላል።

መልመጃ

1. የቤታችሁን ቆጣሪ ለሰባት ቀን በየምሽቱ አንብባችሁ መዝግቡ። ብዙ ዩኒት የወሰደው ቀን የትኛው ነው? ለምን?
2. በሻወራችሁና በምጣዳችሁ ላይ የተጻፈውን ዋት ፈልጋችሁ የወሩን ፍጆታ አስሉ።
3. ከወላጆቻችሁ ጋር ተመካክራችሁ ያለ ምንም ወጪ የሚስተካከሉ ሁለት ነገሮችን ምረጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ቆጣሪውን እንደገና አንብባችሁ ልዩነቱን ለክፍላችሁ አስረዱ።