የወደዳችሁትን መጽሐፍ ድገሙት

«ዘንድሮ ይህን ያህል መጽሐፍ ጨረስኩ» የሚለው ፉክክር በርትቷል። ይበል እንላለን። እኔ ግን ለክረምቱ የምመክራችሁ ሌላ ነው፤ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ድሮ የወደዳችሁትን አንዱን አውጡና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሩት። እንጅባራ ላይ ለዚህ ጊዜ አይጠፋም። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ከተማ ነውና ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሰውን በጊዜ ቤቱ ያስገባዋል።

የጎጃሙን ሰው የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ውሰዱ። በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን በእጁ ያልነካውም ሰው አወቀው። በወጣትነታችሁ ስታነቡት ሐሳባችሁ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ላይ ነበር፤ መጨረሻቸውን ለማወቅ ገጽ ሳትዘሉም አልቀራችሁ። አሁን መጨረሻውን ታውቁታላችሁ፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ያኔ «ንግግሩ በዛ» ብላችሁ ያለፋችሁት ጉዱ ካሣ ዛሬ ቁጭ አድርጎ ያወያያችኋል። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ካለቻችሁማ በፊታውራሪ መሸሻ ስትናደዱ ቆይታችሁ ራሳችሁን መታዘብ ትጀምራላችሁ። ያው መጽሐፍ ነው፤ ዋጋውም ድሮ ተከፍሏል!

በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳም ሩቅ አይደለችም። ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ቡሬን ካለፈ በኋላ፣ ፍኖተ ሰላም ሳይደርስ ያገኛታል። መጽሐፉን በቅርብ የደገመ ተሳፋሪ እዚያ ሲደርስ አንገቱን በመስኮት ያሰግጋል። ጎኑ ያለው እንቅልፉን ይለጥጣል።

ደግሞ ማንበብ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዳዊት የሚደግሙ እናቶችና አባቶች 150ውን መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ከፋፍለው ያደርሳሉ፤ ሰኞ ሲመጣ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። የገጹ ጠርዝ በጣት ወዝ ጠቁሯል፣ የማኅደሩ ቆዳ ተልጧል። «ጨረስኩት» ብሎ ዳዊቱን ለሰው የሰጠ ግን ማን አለ?

ለመድገም ታዲያ መጽሐፉ በደህና መቆየት አለበት። የአገሩ እርጥበት ክፉ ነው፤ ግድግዳ የተጠጋ መጽሐፍ ይሻግታል፣ ገጹም ይጣበቃል። አዊ የቀርከሃ አገር በመሆኑ መደርደሪያ ለማሠራት ብዙ አትቸገሩም። በቀርከሃዎቹ መካከል ነፋስ ይለፍ፤ መደርደሪያውም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ ይበል። በፌስታል መጠቅለሉን ተዉት፣ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል። መስከረም ሲጠባ መጽሐፎቹን አውጥቶ ጥላ ሥር ማናፈስ ነው። የልጆቻችሁ የአውኚ መማሪያ መጽሐፍም ከመደርደሪያው አይውረድ፤ በአውኚ የታተመ ነገር እንደ ልብ አይገኝም።

የነካችሁ አንቀጽ ጎን በእርሳስ ስስ መስመር አስምሩና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። ከዓመታት በኋላ ስትመለሱ «ይሄን ምን ብዬ ነው ያሰመርኩት?» ብላችሁ ትስቃላችሁ፤ ያላሰመራችሁበት ደግሞ ያስደንቃችኋል። ለእኔ ትልቁ ደስታ እሱ ነው።

ከምትወዷቸው አንዱ ዳንግላ ያለ ወዳጃችሁ ጋ «ላንብበውና እመልሳለሁ» ተብሎ ከርሞ ይሆናል። ሳትቀየሙ ዛሬውኑ ደውሉለት። አንብቦት ከሆነ የወደደውን ቦታ ይንገራችሁ፣ ጨዋታው ራሱ ግማሽ ንባብ ነው። ካላነበበው ለሚኒባስ ሹፌር ይስጥላችሁና ማታ እጃችሁ ይገባል።