ጥሩ ቀይ ወይን ጠጅ ከማሳ ይጀምራል

መግቢያ

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ በግቢያቸው የወይን ሐረግ ያላቸው ሰዎች ዘወትር አንድ ጥያቄ ያቀርቡልናል፤ ፍሬው ጠቁሮ ከተለቀመ በኋላ መጠጡ ስለ ምን ቀጭንና ኮምጣጣ ይሆናል? ጉዳዩ በመስኖ ወይን ለሚያለማ ገበሬም ትልቅ ነው፤ ያለ ጊዜው የተለቀመ ወይን የዓመት ድካም ያስቀራልና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዝዋይን (ባቱን) ቀይ ወይን ጠጅ ምሳሌ አድርጎ መልሱን ማስረዳት ነው።

1. ቦታና አየር

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር፣ ዝዋይ ደግሞ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ቦሌ ከዝዋይ በ4 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የቦሌ ፍሬ ቀለሙን ቢይዝም ስኳሩን ለመሙላት ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። በዝዋይ አሸዋማው አፈር ውሃ አይቋጥርም፤ መስኖውንም እንደ ፍላጎት መመጠን ይቻላል። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዚያ ሲራ፣ ሜርሎና ካቤርኔ ሶቪኞን የተባሉትን ቀይ ዝርያዎች ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያውን ወይን ጠጅ ለገበያ አቅርቧል።

2. ግርዘት

በአውሮፓ ተክሉን የሚያሳርፈው የክረምቱ ብርድ ነው። በአገራችን ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ገበሬው ራሱ ነው፤ ውሃ በመቀነስና በመግረዝ። በሞቃት ሥፍራ ከግርዘት እስከ ለቀማ ከ4 እስከ 5 ወር ስለሚወስድ የግርዘቱ ቀን ፍሬው በደረቁ ወራት እንዲበስል ተቆጥሮ ይወሰናል። በብስለት ጊዜ የሚጥል ዝናብ ፍሬውን ያፈነዳል፤ ሻጋታም ያመጣል። በአንድ ተክል ላይ ዘለላ ሲበዛ ክብደቱ ይጨምራል፤ ስኳሩና ቀለሙ ግን ይሳሳል።

3. ለቀማ

ቀለም ብቻውን የብስለት ምልክት አይደለም፤ ልጣጩ የሚጠቁረው ስኳሩ ከመሙላቱ ከሳምንታት በፊት ነው። ፍሬውን መቅመስና ዘሩን ማየት ይገባል፤ አረንጓዴ ዘር ገና ነው፣ ቡናማ ዘር ደርሷል። በአንድ ሊትር ጭማቂ 17 ግራም ያህል ስኳር 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል። ስለዚህ 220 ግራም ያለው ጭማቂ 13 በመቶ ገደማ ይደርሳል።

4. ማፍላት

የአብዛኛው ቀይ ወይን ጭማቂ ነጣ ያለ ነው፤ ቀለሙና አፍ የሚይዘው ጣዕም የሚገኘው ከልጣጩ ነው። ስለሆነም የተጨፈለቀው ፍሬ ከነልጣጩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈላል። ወደ ላይ የሚንሳፈፈው ልጣጭ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ታች ይደፈቃል፤ አለዚያ ይሻግታል። ከዚያ ተጨምቆ አሠሩ ይለያል። ጭማቂውም ከአምቡላው እየተገለበጠ እስከ አፉ በተሞላ ዕቃ ይቀመጣል። አየር ካገኘ ወደ አቼቶ ይለወጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ በሚፈላበት ጊዜ ዕቃውን አጥብቆ መክደን ያፈነዳዋል። የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ሰው ስለሚገድል በርና መስኮት ይከፈት።

መደምደሚያ

በማሳ የጎደለውን በርሜል አይሞላውም። የቦሌ ባለ ግቢ ዘለላ እንዲቀንስ፣ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ እንዲመርጥና ለመልቀም እንዳይቸኩል እንመክራለን። ገበሬው ደግሞ ከገዢው ጋር ሲዋዋል ዋጋው በኪሎ ብቻ ሳይሆን በስኳሩም መጠን እንዲታሰብ ይጠይቅ። ዘለላ ቀንሶ ጥራት የሚያመርት ሰው የድካሙን ዋጋ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።