እምነቴና ታካሚዬ

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ፅንስ ማቋረጥን እምነቴ አይፈቅድልኝም። ለዚህ የመጣች ታካሚን ልተዋት እችላለሁ?

መልስ፦ ከድርጊቱ እጅዎን መሰብሰብ ይችላሉ፤ ታካሚዋን መተው ግን አይችሉም። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. የከለሰው የሥነ ምግባር ደንብ፣ ነርስ ሕሊናዋ በማይቀበለው ሕክምና ላለመሳተፍ መቃወም እንደምትችል ይገልጻል። ታካሚዋ በአክብሮትና በጊዜው እንድትታከም የማመቻቸት ግዴታ ግን አይቀርላትም። በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 551 ከፈቀዳቸው ምክንያቶች አንዱ አስገድዶ መድፈር ነው፤ ለማስረጃም የሴትየዋን ቃል ብቻ በቂ ያደርገዋል። ሕጉ ያልጠየቃትን እርስዎ አልጋዋ አጠገብ ቆመው ሊጠይቋት አይገባም።

«ለባልደረባ ማስተላለፍስ መተባበር አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። የጥያቄውን ክብደት አላቃልለውም። ይሁን እንጂ ማስተላለፍ ውሳኔውን ለባለቤቱ መተው ነው፤ ማዘግየትና መደበቅ ግን በእሷ ፈንታ መወሰን ነው። ደም እየፈሰሳት ለደረሰች ሴትማ ምርጫ የለም፦ የደም ግፊቷ ይለካል፣ ኖርማል ሳላይን ይሰቀልላታል፣ በደም የራሰው ጨርቅ ይቀየርላታል። ይህን ሁሉ አሟልቶ ፊትን ማጥቆርም ይጎዳል፤ የተሸማቀቀች ታካሚ ትኩሳት ሲጀምራት ተመልሳ አትመጣምና። ለሕሙማን የሚራራው ልብዎም ከዚያው ከእምነትዎ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ይርዳዎት።

አቋምዎን ለኃላፊዎ አሁኑኑ ያሳውቁ፤ የተረኞች ድልድል ከወጣ በኋላ ሳይሆን ከመውጣቱ በፊት።