ልጃችሁ ሲጫወት ቁጭ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ?

ዛሬ ስለ መድኃኒት አላወራም፤ ስለ ዕቃቃ ጨዋታ ነው የማወራችሁ።

ባለፈው እሁድ እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ልጇ ምንጣፉ ላይ ባዶ የፕላስቲክ ዕቃዎች ደርድራ፣ አሻንጉሊቷን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ እሷም ቡና ታፈላለች። አንድ "ስኒ" ቀዳችና "አጎቴ፣ እንካ" አለችኝ። ስልኬ ላይ ስለነበርኩ ቀና ሳልል "እሺ የኔ ቆንጆ" አልኳት። ደግማ "እንካ" አለችኝ። አሁንም "እሺ"። ትታኝ ሄደች። ትንሽ ቆይታ ሪሞቱን አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችና አሻንጉሊቷን "ቆይ! ስልክ እያወራሁ ነው!" ብላ ተቆጣቻት።

እህቴ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። እኔም ስልኬን ኪሴ ከተትኩት። ክሊኒክ ውስጥ "ከልጆቻችሁ ጋር ጊዜ አሳልፉ" እያልኩ የምመክረው እኔው ነኝ እኮ!

ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብዬ አየኋት። የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

1. ልጆች የሚቀዱት ምክራችንን ሳይሆን አኗኗራችንን ነው።
አሻንጉሊቷን የተቆጣችበት ቃል ከእኛው የሰማችው ነው። ልጃችሁ እናት ወይም አባት ሆኖ ሲጫወት ጆሮ ስጡት፤ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትነጋገሩ ይነግራችኋል።

2. ለመርዳት አንቸኩል።
አንዱ ክዳን አልገጥም አላት። ላግዛት እጄን ስዘረጋ "እኔ!" ብላ ገፋችኝ። አገላበጠችው፣ ሌላ ክዳን ሞከረች፣ በመጨረሻ ገጠመላት። እኔ ብገጥምላት ኖሮ የምትማረው "አጎቴ ይችላል" የሚለውን ብቻ ነበር። አደጋ እስከሌለው ድረስ ትንሽ ጠብቁ።

3. መደጋገም ጥፋት አይደለም።
ያንኑ ቡና ስንት ጊዜ ቀድታ እንደደፋችው! የ9 ወር ሕፃንም ማንኪያ ደጋግሞ የሚጥለው ሊያናድዳችሁ ብሎ አይደለም። የጣለው ነገር የት እንደሚሄድ፣ እናንተም ምን እንደምታደርጉ እየሞከረ ነው።

4. ውድ መጫወቻ የግድ አይደለም።
ባዶ ዕቃ፣ ካርቶን፣ ጨርቅ ይበቃል። ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን ሳንቲም፣ ቁልፍና ትናንሽ ክብ ባትሪዎችን አርቁ። ስክሪንን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉት አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ቢበዛ በቀን 1 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ የተሻለ።

5. ጨዋታ ስለ ጤናቸውም ይናገራል።
እነዚህን ካያችሁ ሐኪም አማክሩ፦
• 1 ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ
• በ1 ዓመት ተኩል የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ ከሆነ
• በ2 ዓመቱ "እማዬ ውሃ" ብሎ ሁለት ቃል የማያገናኝ ከሆነ
• በ2 ዓመት ተኩል እንደ ማብላት፣ ቡና ማፍላት ያለ የማስመሰል ጨዋታ የማይጫወት ከሆነ
• በየትኛውም ዕድሜ ይችለው የነበረውን ንግግር ወይም ጨዋታ ካቆመ

ከእነዚህ አንዱ ታየ ማለት የግድ ሕመም አለ ማለት አይደለም። አንዳንዴ ችግሩ ጆሮ ላይ ሊሆን ይችላል። ግን "ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም" እያላችሁ አትጠብቁ፤ እርዳታው በጊዜ ሲጀመር ውጤቱ የተሻለ ነው።

ዛሬ ማታ ምን እናድርግ?
15 ደቂቃ ብቻ። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡና ከልጃችሁ ጋር ወለሉ ላይ ቁጭ በሉ። ጨዋታውን እሱ ይምራው። "ይሄ ምን ቀለም ነው?" እያላችሁ አትፈትኑት፤ የሚያደርገውን እያያችሁ "አሃ፣ ቡና እየቀዳህ ነው!" በሉት።

ባዶ ስኒ ከሰጣችሁም ተቀበሉትና ጠጡለት። እኔ ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቻለሁ!

ልጃችሁ ሲጫወት ያያችሁትን ጻፉልን። ትንሽ ልጅ ላለው ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።

መልካም ጤና!